ከብራና እስከ ፍርድ ቤት፦ የእንግሊዝኛው «ሪሙቭ» እና የዘመዶቹ ታሪክ

እንግሊዝኛ ጥንት «ቴክ» የሚል ግስ አልነበረውም። ዛሬ የእንግሊዝ ሕፃን አፉን ሲፈታ ቶሎ ከሚለምዳቸው ቃላት አንዱ የሆነው ይህ ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አንግሎ ሳክሶኖች አንድን ነገር ከቦታው ሲያነሡ፣ ሲወስዱ፣ ሲቀሙ «ኒማን» ነበር የሚሉት፤ ጀርመኖች ዛሬም «ኔመን» ይላሉ። በ793 ቫይኪንጎች የሊንዲስፋርንን ገዳም ዘረፉ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ865 ደግሞ ዘርፎ ለመመለስ ሳይሆን ለመቆየት ብዙ ጦር አስከትለው መጡ። ንጉሥ አልፍሬድ በ878 ኤዲንግተን ላይ ድል ቢያደርጋቸውም ከሰሜንና ከምሥራቅ እንግሊዝ አልወጡም። አረሱ፣ አገቡ፣ ወለዱ። ከአገሬው ጋር በአንድ ገበያ ሲገበያዩና በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ የእነርሱ «ታካ» ቀስ በቀስ «ኒማን»ን ከሰው አፍ አስለቀቀው። ከአሮጌው ቃል ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ «ነም» ነው፤ የደነዘዘ፣ ስሜቱ የተወሰደበት ማለት ነው። «ጌት ሪድ ኦፍ» (ማስወገድ) በሚለው አነጋገር ውስጥ ያለው «ሪድ»ም የእነዚሁ ሰዎች ቃል ሲሆን መነሻው መሬት መመንጠር ነበር።

ነገሩን ከሥሩ የጀመርኩት በምክንያት ነው። እንግሊዝኛ የሚማር ወገናችን «ማስወገድ» የሚለውን ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት ሲከፍት የግስ መዓት ይጠብቀዋል፦ ሪሙቭ፣ ቴክ አዌይ፣ ኢሬዝ፣ ዲሊት፣ ካንስል፣ ኤሊሚኔት፣ አቦሊሽ። ተመሳሳይ ቃላት ናቸው ተብሎ ይነገረዋል፤ እርሱም ደስ ያለውን ይመርጣል። እኔ ግን ተመሳሳይ ተብለው ከተደረደሩት ውስጥ በእውነት አንድ የሆኑ ሁለት ቃላት አላየሁም። እያንዳንዱ ያገለገለበትን ሥራ እንደያዘ ቀርቷል። ከሁሉም ይልቅ ሰላማዊ የሚመስለው «ሪሙቭ» የብዙ ሺህ ሰዎችን ዕጣ የወሰነ፣ ዛሬም የእኛን ሰዎች ዕጣ የሚወስን ቃል ነው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝ የገባው በድል አድራጊዎች በኩል ነው። በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ሄስቲንግስ ላይ አሸንፎ ዙፋኑን ሲይዝ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ ሆነ። ተሟጋቾች በእንግሊዝኛ እንዲናገሩ የሚያዘው ሕግ የወጣው በ1362 ነው። በዚህ መካከል በ1300 ገደማ «ሪሙቭ» ከፈረንሳይኛ ተወሰደ፤ የላቲን ሥሩ «ሞቬሬ»፣ ማንቀሳቀስ ነው። በዚያን ዘመን ማጥፋት የሚል ፍቺ አልነበረበትም። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ወይም መዛወር ማለት ነበር፤ ሰው ራሱ «ሪሙቭ» ያደርግ ነበር፣ ማለትም ቤት ይቀይር ነበር። ሼክስፒር በ«ማክቤዝ» ጫካው ተነሥቶ ወደ ንጉሡ አምባ እንደሚመጣ ሲናገር የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። በብሪታኒያ የቤት ዕቃ የሚያመላልሱ መኪኖች ላይ ዛሬም «ሪሙቫልስ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የጥንት ፍቺ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የሚነሣው ነገር አይጠፋም፣ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

የቫይኪንጉና የኖርማኑ ቃል ዛሬም አንድ ማዕድ አይቀርቡም። እናት ልጇን ጫማህን አውልቅ ስትል «ቴክ ኦፍ» ትላለች። በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ጫማ እንዲወልቅ የሚያዝ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ግን «ሪሙቭ» ይላል። ጫማው ያው ጫማ ነው። የተለወጠው ተናጋሪው ነው፤ አንዱ የቤት ሰው ሲሆን ሌላው ባለሥልጣን ነው። ይህ ልዩነት ከ1066 ወዲህ እየቀጠለ የመጣ ነው። እንግሊዝኛን በመጽሐፍ የተማረ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት አነጋገሩ የደብዳቤ የሚመስልበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የገዳማት መጻሕፍት ቤት ደግሞ ሌላ የቃል ቤተሰብ ተወለደ። ብራና ውድ ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጃል፣ ስለዚህ የተሳሳተ ቅጠል አይጣልም። ጸሐፊው በቀኝ እጁ ብርዕ፣ በግራው ስለት ይዞ ነበር የሚሠራው። ስለቱ የሚነሣውን ቆዳ ተጭኖ ይይዛል፣ ብርዑን ይቀርጻል፣ ስሕተት ሲገኝም ቀለሙን ከቆዳው ላይ ይፍቃል። የ«ኢሬዝ» ሥር ይህ ነው፤ በላቲን «ራዴሬ» መፋቅ ነው፣ የጢም መላጫው «ሬዘር»ም ከዚሁ ይወለዳል። በእኛ አገር የብራና ሥራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም የገባባቸው የግእዝ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ የተፋቀበት ቦታ ሻክሮና ሳስቶ ይታያል፣ በላዩ የተጻፈው ቀለምም ትንሽ ይፈስበታል። ፍቀት ምልክት ይተዋል።

ምን ያህል እንደሚተው የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ አለ። በአሥረኛው መቶ ዓመት የአርኪሜድስ የሒሳብ ድርሳናት በብራና ተገለበጡ። በ1229 አንድ ካህን ያንኑ ብራና ፍቆና አጥፎ የጸሎት መጽሐፍ ጻፈበት። በ1906 ዴንማርካዊው ሊቅ ሃይበርግ ከጸሎቱ ሥር አርኪሜድስን አነበበ። ከሌላ የትም ያልተገኙ ሥራዎች በዚያ ፍቀት ሥር ሰባት መቶ ዓመት ያህል ተቀምጠው ነበር።

መፋቅ ጊዜ ይወስዳል። የቸኮለ ጸሐፊ ከስሕተቱ ሥር ነጥቦች ያደርግ ነበር፤ አንባቢው ይዘለዋል። የ«ኤክስፐንጅ» ሥር ይኸው በነጥብ መውጋት ነው። የውልና የዕዳ ሰነድ ሲሆን ደግሞ በጽሑፉ ላይ መስመር በመስመር አቋርጠው እንደ ፍርግርግ ያሰምሩበት ነበር። ፍርግርግ በላቲን «ካንቼሊ» ነው፤ «ካንስል» የመጣው ከዚያ ነው። በፍርግርጉ አጠገብ ቆሞ ጉዳይ የሚያስፈጽመው የችሎት ሹም «ካንቼላሪየስ» ተባለ፣ ዛሬ ጀርመን በ«ቻንስለር» የምትመራው በዚያ ስም ነው። እንግዲህ የተፋቀ ቃል ከገጹ ይነሣል፤ የተሠረዘ ውል ግን በሙሉ ይነበባል፣ የሚያጣው ኃይሉን ብቻ ነው። ዛሬም በረራ «ካንስል» ይደረጋል እንጂ «ኢሬዝ» አይደረግም። ቀጠሮም ቼክም እንዲሁ።

በ1476 ዊልያም ካክስተን ዌስትሚንስተር ውስጥ ማተሚያ ሲያቆም ነገሩ ተለወጠ። የታተመ ገጽ አይፋቅም፤ ከመታተሙ በፊት ይታረማል። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ «ዲሊት» ከላቲኑ «ዴሌሬ» ገባ። በሮም ታሪክ ሹሙ ካቶ የጠላት ከተማ የሆነችው ካርታጎ ትደምሰስ እያለ የወተወተበት ግስ ይህ ነው፤ ከተማዋም በ146 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተደመሰሰች። ያን የጦርነት ቃል አራሚዎች ለፊደል አዋሉት። በኅዳጉ ላይ የ«ዴሌ»ን የመጀመሪያ ፊደል ጠምዘዝ አድርገው ይጽፋሉ፣ ይህ ይውጣ ማለት ነው። ሐሳባቸውን ሲቀይሩ «ስቴት»፣ ይቁም ይላሉ። «ኤሊሚኔት»ም በ1560ዎቹ ገባ፤ ሥሩ ከደጃፍ ማስወጣት ነው። ሰውን ከደጅ ማስወጣት የነበረው ቃል ከዓለም ማስወጣት ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ዛሬ በፖለቲካ ዜና ሲነበብ መግደል ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ከሁሉ በላይ ያደከሙት ረጃጅሞቹ የላቲን ቃላት አልነበሩም። «ቴክ» ነበር። 134 ፍቺ ሰጥቶት አምስት ገጽ ፈጀበት። በመቅድሙም አጫጭር ግሶች ከመስተዋድድ ጋር ተጋብተው የሚሰጡት ፍቺ ለባዕድ ሰው ከባድ እንደሆነ ጽፏል። እውነቱን ነው። «ቴክ ኦፍ» ልብስ ማውለቅ ነው፣ የአውሮፕላን መነሣትም ነው፤ «ቴክ አውት» ቆሻሻ ማውጣት ነው፣ ሰው እራት መጋበዝም ነው፣ ሰው መግደልም ነው። ይህ በደንብ ተብሎ አይሰጥም፤ አንድ በአንድ ይለመዳል። የጆንሰን ወዳጅ የነበረችው ሄስተር ፒዮዚ በ1794 ስለ ተመሳሳይ ቃላት አጠቃቀም ሁለት ቅጽ ጻፈች፤ ጆርጅ ክራብ በ1816 ተከተላት።

በእነዚህ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል በ1805 ማንቸስተር ላይ ፒተር ማርክ ሮጄት የሚባል ወጣት ሐኪም ለራሱ መጠቀሚያ የሚሆን የቃላት ዝርዝር ያጠናቅር ነበር። አባቱ የሞተበት በአራት ዓመቱ ነው፤ እንደ አባት ያየው የነበረው አጎቱን ሰር ሳሙኤል ሮሚሊን ነው። ሮሚሊ በሌብነት ሰው እንዳይሰቀል ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተ የሕግ ሰው ነበር። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1807 የባሪያ ንግድ እንዲቀር የምክር ቤቱ አባላት ሲከራከሩ ትግሉን የመራውን ዊልበርፎርስን አወድሶ ያደረገው ንግግር ሸንጎውን አስነሣ፤ በዚያ ምሽት 283 በ16 ድምፅ ተወሰነ። የዚያ ትውልድ ቃል «አቦሊሽ» ነበር። ወንበር ወይም እድፍ «አቦሊሽ» አይደረግም። ሕግ፣ ሥርዓት፣ ሰው ያቆመው ነገር ነው የሚሻርበት። ቃሉን የሚናገር ሰው ነገሩን ሰው እንዳቆመው፣ ስለዚህም ሰው ሊያነሣው እንደሚችል አምኖ ነው የሚናገረው። ሮሚሊ በ1818 ሚስቱ በሞተች በቀናት ውስጥ፣ ሐኪሙ ሮጄት ሊያስታምመው አብሮት ሳለ፣ ራሱን አጠፋ። ሮጄት ዝርዝሩን ለብዙ ዓመታት አስቀመጠው።

ዝርዝሩ እስኪታተም ድረስ በአትላንቲክ ማዶ «ሪሙቭ» ሌላ ሥራ ሲሠራ ቆየ። በጆርጂያና በአካባቢው የሚኖሩት የቸሮኪ ሕዝብ አራሾች ነበሩ፤ ሕገ መንግሥትም ነበራቸው። ሴኮያ የተባለ ሰው በ1821 ለቋንቋቸው ፊደል ቀረጸ፤ እያንዳንዱ ምልክት እንደኛው ፊደል ሙሉ ክፍለ ቃል የሚይዝ፣ በጥቅም ላይ የዋለው 85 ምልክት ነው። በ1828 ኒው ኤኮታ ላይ በዚህ ፊደል ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። ጆርጂያ መሬታቸውን ፈለገች። ሜይ 28 ቀን 1830 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን በሕግ ላይ ፈረሙ። የሕጉ ርእስ ስለ ጦር አይናገርም። መሬት ስለመለዋወጥና «ሕንዶች» ለሚላቸው የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ምዕራብ ስለሚደረግላቸው «ሪሙቫል» ይላል። 500,000 ዶላርም ተመደበለት። ሴኔቱ ያጸደቀው 28 በ19 ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ገና ያኔ ግልጽ ሆኖ የታያቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ቃሉን ልብ ብለን እንየው። ማባረር ቢባል ማን አባረረ ተብሎ ይጠየቃል። መንጠቅ ቢባል ማን ነጠቀ ይባላል። «ሪሙቫል» ግን ስም ነው፣ አድራጊ የለውም፤ የዕቃ መኪናው የጥንት ፍቺም አብሮት አለ፣ ቤት እንደሚቀይር ሰው። በ1835 ጥቂት ቸሮኪዎች ሕዝቡ ሳይወክላቸው ኒው ኤኮታ ላይ ውል ፈረሙ፤ አለቃቸው ጆን ሮስ ከ15,000 በላይ ፊርማ አሰባስቦ ቢቃወምም ሴኔቱ ውሉን ከሚያስፈልገው ድምፅ በአንድ ብቻ በልጦ አጸደቀው። በሜይ 1838 ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት 7,000 ያህል ወታደር ይዞ ገባ። ሰዎቹን ከማዕዳቸውና ከእርሻቸው እያነሡ በአጥር በተከለለ ሰፈር አጎሯቸው፤ በበጋው ተቅማጥና ትኩሳት ገባባቸው። ከዚያ በመኸርና በክረምት ብዙው ሕዝብ በእግሩ ተጓዘ፣ በረዶ የሚፈስበትን ሚሲሲፒን ለመሻገር ዳር ላይ የቀሩ ነበሩ። ከ16,000 ያህሉ 4,000 ገደማ እንደሞቱ ይገመታል። ቸሮኪዎች መንገዱን የእንባ ጎዳና ይሉታል። የመንግሥት መዝገብ «ሪሙቫል» ይለዋል። እኔ ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ሮጄት በ1848 ከሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊነት ከለቀቀ በኋላ የቆየውን ዝርዝር አነሣ፤ በ1852 «ቴሶረስ» ተብሎ ታተመ። ቃላቱ በሆሄ ሳይሆን በሐሳብ፣ በ1,000 ርእስ ሥር፣ ተቃራኒው ከተቃራኒው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ማስወገድ አንድ ርእስ እንዳልሆነ የሚታየው እዚህ ነው። ከማስቀመጥ አጠገብ ከቦታ ማንሣት አለ፤ ከመመዝገብ አጠገብ መፋቅና መደምሰስ አለ፤ ማስወጣት፣ መንቀል፣ መቀነስ ሌላ ሌላ ቦታ ናቸው። ሮጄት ፍቺ አልጻፈም፤ አንባቢው ራሱ ቃሉን ያውቃል ብሎ ተማምኖ ነው። ይህ እምነት ለአፍ መፍቻ ተናጋሪ ይሠራል። ለሌሎቻችን ግን ዝርዝሩን ያለ ምሳሌ መያዝ ያሳስታል፤ ስለዚህ «ቴሶረስ» የሚገዛ ተማሪ ጥሩ መዝገበ ቃላትም አብሮ ይግዛ።

በ1963 የኮምፒውተር ፊደል ኮድ «አስኪ» ሲጸድቅ «ዲሊት» ለራሱ ቁጥር ተሰጠው፣ 127። ምክንያቱ ደስ ይለኛል። ጽሑፍ ያኔ በወረቀት ጥብጣብ ላይ በቀዳዳ ይመዘገብ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቦታ አለ፣ አንዳንዱ ይበሳል፣ አንዳንዱ ይተዋል። የተበሳ ወረቀት አይደፈንም። ስለዚህ ስሕተት የሠራ ሰው ጥብጣቡን ወደኋላ መልሶ ሰባቱንም ይበሳቸዋል፤ ማሽኑ ሰባት ቀዳዳ ሲያይ ይዘላል። 127 በኮምፒውተር አቆጣጠር ሰባት አንዶች ነው። ዛሬም ፋይል «ዲሊት» ስንል በአብዛኛው የሚነሣው ማውጫው ላይ ያለው ስም ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ሥራ ላይ ባዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 17 ለሰው የሰጠው መብት በእንግሊዝኛው «ኢሬዠር» ተብሏል፣ የብራናው ቃል።

ወደ እኛ የሚደርሰው ግን «ሪሙቫል» ነው። በአሜሪካ ከበር የሚመለስ ሰው «ኤክስክሉዥን»፣ ከገባ በኋላ የሚባረር «ዲፖርቴሽን» ይባል ነበር። በሴፕቴምበር 1996 የተፈረመው የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለቱን አንድ አደረገ፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 1997 ጀምሮ ክሱም ውሳኔውም «ሪሙቫል» ነው። ጆሮ ላይ ለስለስ ያለው ቃል ከቀድሞው «ዲፖርቴሽን» ያነሰ ነገር አልያዘም። ጥገኝነት ጠይቆ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል ፍርድ ቤት የቆመ ኢትዮጵያዊ ቃሉን በሚገባ ያውቀዋል።

አስቸጋሪው ደግሞ ይኸው ቃል የምሥራችም መሆኑ ነው። በትዳሩ መሠረት፣ ባገባ በሁለት ዓመት ውስጥ መኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው የሚሰጠው ግሪን ካርድ ባለ ሁለት ዓመትና ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ ቅድመ ሁኔታው እንዲነሣለት በቅጽ አይ-751 ያመለክታል፤ የቅጹም ስም «ሪሙቭ» አለበት። እዚያ የሚነሣው ሁኔታው ነው፣ ሰውየው አይደለም። «ዊዝሆልዲንግ ኦቭ ሪሙቫል» ደግሞ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር እንዳይመለስ የሚከለክል ነው። «ካንስሌሽን ኦቭ ሪሙቫል» በፍርግርግ የተሠረዘ መባረር ነው፤ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ለመጠየቅ አምስት ዓመት ቋሚ ነዋሪነትና ሰባት ዓመት ያልተቋረጠ ኑሮ፣ ሌላው ደግሞ አሥር ዓመት በአሜሪካ መኖርና ሌሎች ከባድ መመዘኛዎችን ማሟላት አለበት።

እንግዲህ ይህ ቃል ያለበት ወረቀት በፖስታ የሚደርሳችሁ ወገኖች፣ የሚነሣው ምን እንደሆነ ሳታጣሩ አታስቀምጡት። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ወይም ጎረቤት በአንድ ቃል ሲተረጉምላችሁ አትርኩ፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላትም እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። «ኖቲስ ቱ አፒር» (የፍርድ ቤት መጥሪያ) የሚል ከሆነ ፈቃድ ላለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ በዚያው ሳምንት አሳዩት፣ አድራሻ ከቀየራችሁም ለፍርድ ቤቱ አሳውቁ። በቀጠሮው ቀን ያልቀረበ ሰው በሌለበት «ሪሙቫል» ይፈረድበታል።